በፌስታል የመጣ ዋግ

የግንቦት ዝናብ ባባራበት የገበያ ቀን ማለዳ፣ በችግኝ መደቡ ዳር ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የመደቡ ባለቤት አስማረ ነው። ሁለተኛዋ ከእንጅባራ እየተመላለሰች የዛፍ በሽታ የምታጠናው ትሕትና ናት። ሦስተኛው የአጥር ጎረቤቱ አየነው ሲሆን፣ እሱ ማንንም አገኛለሁ ብሎ አልመጣም። አስማረ ቆሰበር ገበያ ሄዷል ብሎ ነበር የመጣው።

በእጁ ጥቁር ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ ከራሱ መደብ የቆረጠው የዲከረንስ ዛፍ ቅርንጫፍ አለ። ቅርንጫፉን ዋግ መትቶት ቅጠሉ በሙሉ ብርቱካንማ ዱቄት ለብሷል። ያንን ዱቄት በአስማረ ችግኞች ላይ አራግፎ፣ ማንም ሳያየው በመጣበት ሾልኮ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ።

አገሩ ሁሉ ለከሰል የሚተክለው ይህንኑ ዛፍ ነው። ዘንድሮ ከሁሉ ቀድሞ ጉልበት የደረሰው የአየነው ችግኝ ነበር። ከግምጃ ቤትና ከአዘና ከተሞች ሳይቀር ሰዎች በጋሪ እየመጡ አይተውለታል። ትሕትናም መጀመሪያ የመጣችው ወደ እሱ ነው። በመደቡ መሀል ቁጢጥ ብላ «እንዴት ያምራል» ያለችውን ቃል ስንት ቀን ይዞት ዞሯል። የአስማረ ችግኝ ግን ከመሬት አልነሣ ብሎ፣ አየነው በሰው ፊት «ይሄ ዛፍ ነው ጎመን?» ብሎ አስቆበታል።

ከዚያ ዋጉ ገባ። የአየነውን መደብ ከዳር እስከ ዳር ሲፈጀው፣ አጥሩን ተሻግሮ የአስማረን «ጎመን» አልነካም። ከዚያ ወዲህ የትሕትና እግር በአየነው በር አላለፈም። ከአጥሩ ወዲያ ግን ድምፅዋን ይሰማል፤ አስማረ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ ትስቃለች። አየነው እሷን የሚያስቅ ቃል አንድም ቀን አፉ ላይ መጥቶለት አያውቅም። አጥሩ ሥር ቆሞ ማዳመጥ ግን ለምዷል።

«ግባ እንጂ፣ ምን እንደ እንግዳ ይገትርሃል?» አለ አስማረ።

አየነው ፌስታሉን ወደ ኋላው አዞረ። ትሕትና ግን አይታዋለች። ጠጋ ብላ የፌስታሉን አፍ ገለጥ አደረገችና ፊቷ በራ።

«ዋጉን ነው ያመጣህልን?»

አየነው የፌስታሉን አፍ መልሶ ጨበጠ።

«አላልኩሽም?» አለ አስማረ። «ከአየነው የታመመ ቅርንጫፍ ለምንልኝ ስትይኝ፣ ያን ሁሉ ችግኝ ያጣ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልቁም አልኩሽ። ይኸው ሳይጠየቅ ይዞ መጣ። ደጊቱ ነግራህ ነው አይደል? የኔ ሚስት እንደሆነች ወሬ ይዛ አታድርም።»

«እ… አዎ» አለ አየነው። «ምን ልታደርጉበት ነው?»

ትሕትና ከመደቡ አንድ ቅጠል ቀነጠበችና መዳፏ ላይ አኖረችው።

«ቅጠሉ ውስጥ እንደ አለቃ የሚያዙ ፕሮቲኖች አሉ» አለችው። «አንደኛው እደግ ይላል። ሌላኛው በሽታ መጥቷል፣ ተከላከል ይላል። የተክሉ ጉልበት ለሁለቱም ስለማይበቃ፣ አንዱ ሲበረታ ሌላውን ያፍነዋል። ያንተዎቹ ላይ የበረታው እደግ የሚለው ይመስለኛል፤ ዋጉ ሲደርስ ጠባቂው ተኝቷል። የአስማረ ችግኞች ደግሞ ጠባቂያቸው ሌት ተቀን ስለነቃ ይሆናል ያላደጉት።»

«ሌት ተቀን አጥር ሥር የቆመ ሰው መቼ አርሶ ይበላል?» አለ አስማረ።

ትሕትና ሳቀች። አየነው ጆሮው ጋለ፤ የአስማረን ፊት ሰርቆ ቢያየው ግን ምንም የተደበቀ ነገር የለበትም።

«ወይ ደግሞ በዕድል ነው የተረፉት» አለች ትሕትና። «ይህን የምናውቀው ራሳችን ዋጉን ስናስይዛቸው ነው።»

«ቢያልቁስ?» አለ አየነው ወደ አስማረ ዞሮ።

«ግማሹን መደብ ሰጥቻታለሁ። ካለቁ አለቁ፣ ጎመን አይደሉ? ከቆሙ ግን ሲያፈሩ ዘሩን ካንተ ጋር እንካፈላለን። አገሩ እንደሆነ ዛፍ አጥቷል።»

የመደቡ ወዲያኛው ግማሽ ዱቄቱ እንዳይደርስበት ቀድሞ በላስቲክ ተሸፍኗል። ትሕትና በዚህኛው በኩል ቅጠሉን በውኃ ረጨችና ለአየነው መንገድ ለቀቀችለት።

«አንተ አራግፈው። አንተ አይደለህ ያመጣኸው?»

ቅርንጫፉን አወጣ። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቡ ያራገፈው ቅርንጫፍ አሁን እጁ ውስጥ ከበደው። አስማረ ችግኞቹ እንዳይረገጡ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ከለል አደረገለት።

አየነው አራገፈ። ብርቱካንማው ዱቄት ቦነነ፣ ከዚያ እርጥቡ ቅጠል ላይ ተጣበቀ።

«ቀስ፣ ለሁሉም እኩል ይድረስ» አለችው ትሕትና ከትከሻው አጠገብ። ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም። እሷ ግን የምታየው የአስማረን ችግኞች ነው።

እስከ መደቡ ጫፍ አዳረሰው። እንዲታመሙ ይመኝ እንዲድኑ እሱም አላወቀ። ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ እርጥበቱ እንዳይጠፋ አስማረ ሌላ ላስቲክ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላው በኩል ይዘው አለበሱት።

ሐምሌ ሲገባ ዱቄቱ ከተራገፈባቸው ችግኞች የሚበዙት ታመው ነበር። ጥቂቶቹ ግን ንጹሕ ሆነው ቆሙ። ትሕትና አጠገባቸው ጠፍጣፋ እንጨት ተክላ፣ ችግኙን ያፈላውን ሰውና ዋጉን ያመጣውን ሰው ስም ጻፈችበት። የአስማረ ስም ከላይ ነው፣ የአየነው ከሥር።