ቤት የቀረችው ምትኬ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምትክ ይፈቀዳል። አለቃዬ «እዚህ የምትመጪው ራስሽ ነሽ» ስላለኝ፣ መልኬን፣ ድምፄንና ሐሳቤን የያዘችውን ምትኬን ቤት ትቼ፣ ከሥራ መልስ ካፌ ቁጭ ብዬ ስለ ባለክንፏ ንግሥት ልቦለድ እጽፋለሁ። ልጄን ማንም አልጠየቃትም።

ዛሬ ልቦለዱን ጨርሼ ወደ ቤት በረርኩ። ልጄ ኤዶም በምትኬ ጉልበቶች መሃል ተቀምጣ ሹሩባ እየተሠራች ነው።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ንግሥቲቱ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ላንብብልሽ።»

«አውቀዋለሁ፤ እማዬ ነግራኛለች» አለችኝ፣ ወደኋላ ወደ ምትኬ እየጠቆመች። «ክንፏን አውልቃ ልጇ ጋ ተመለሰች።»

ሚዶውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ ማንም አላቀበለኝም።

በእኔ መጽሐፍ ንግሥቲቱ አትመለስም።