የአቶ ካሳሁን ልጆች

ደረሰና ታቢታ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። የተዋደዱትም በዚሁ ነው። የማታ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አንድ ቀን መምህሩ ከመድረኩ ላይ ሲወድቁ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ «ጨዋ ናት» አለ በልቡ፤ እሷም «ጨዋ ነው» አለች።

ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተባለ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ቀበሌው እንኳ ለሠርጉ የሚሆን ስኳር ፈቀደላቸው።

አንድ እሑድ ሐይቅ ዳር ሄዱ። ደረሰ የተጠበሰ ዓሣ ገዝቶ ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ፣ ከኋላው አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ ወፍ መጣና በዚያ ረጅም አፉ ዓሣውን ከእጁ ላይ ነጠቀው። ደረሰ «ሌባ!» እያለ ወፉን አባረረ። አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ታቢታ ሳቋ ከቁጥጥሯ ወጣና መዳፏን ረሳችው።

ጥርሷ የበለዘ ነበር። እንደተቆላ ገብስ ቡናማ፣ ልክ እንደ ደረሰ ጥርስ።

ደረሰ ደስ አለው። እሱም መዳፉን አወረደ። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ደስታው ያለቀው በማግስቱ ነው። የባዮሎጂው መምህር ወልደጻድቅ ስለ ዘር ውርስ አስተማሩ።

«ሰው ሁሉ ከወላጆቹ የወረሰው የተደበቀ ጉድ አለው» አሉ። «ባዳና ባዳ ሲጋቡ ጉዱ አብዛኛውን ጊዜ እንደተደበቀ ይቀራል። ወንድምና እህት ቢጋቡ ግን የአንድ ቤት ጉድ ነውና ይገናኛል።»

«ከዚያስ?» አለ ደረሰ።

«ከዚያማ ጉድ ይወለዳላ!»

ክፍሉ ሳቀ። ታቢታ አፏን ሸፈነች። ደረሰ ግን አልሳቀም።

«መምህር፣ ጥርስስ ይወረሳል?»

«ከጠጉር እስከ ጥፍር የማይወረስ የለም» አሉ መምህሩ፣ ጠመኔያቸውን እያራገፉ።

በነጋታው ቁርስ ላይ ደረሰ የቤተሰቡን ጥርስ መረመረ። እናቱ ወይዘሮ ከበቡሽ ደብረ ብርሃን ያደጉ ናቸው፤ ጥርሳቸው ነጭ ነው። ታናሽ እህቱ ብዙአየሁ የተወለደችው ቤተሰቡ አዋሳ ከገባ በኋላ ነው፤ የእሷም እንደ ወተት ነጭ ነው። የቀሩት አባቱ አቶ ካሳሁን ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አንድም ጥርስ የላቸውም። ማስረጃው ረግፎ አልቋል።

«አባባ» አለ ደረሰ፣ «አዋሳ ሳንገባ፣ የመንግሥት እርሻው ካምፕ እያለን ከታቢታ እናት ጋር በደንብ ትተዋወቁ ነበር?»

«ከተዋበች ጋር?» አቶ ካሳሁን በባዶ ድዳቸው ፈገግ አሉ። በወጣትነታቸው የካምፑን የውሃ ሞተር የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ። «ደጃፏ አይደል እንዴ የምውለው! እሷ ብቻ መሰለችህ? የካምፑ ልጅ ሁሉ በእኔ ነው ያደገው። አንተም ብትሆን።»

ወይዘሮ ከበቡሽ ትን አላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ገንፎህን ብላ!»

ደረሰ ማንኪያውን አስቀመጠ። ታቢታም የተወለደችው እዚያው ካምፕ ነው፤ አባቷን አታውቅም። ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ሞተ ነው የተባለችው።

የዚያን ዕለት ማታ ሲለያዩ «ደህና እደሪ፣ እህቴ» ብሏት እርፍ አለ። ታቢታ ግራ ገብቷት ስታየው «ሆዴን አሞኝ ነው» አለና ሮጠ።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ካምፑ ሄደ። አሁንም እዚያው የሚኖሩትን ወይዘሮ ተዋበችን ፊት ለፊት ሊጠይቃቸው ቆርጧል። እውነት ከሆነ ሠርጉ መቅረት አለበት።

በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ አስቆመው።

«ጓድ፣ ወዴት ነው?» አለና ፈገግ አለ። ጥርሱ የበለዘ ነው።

«ወንድሜ!» አለ ደረሰ፣ ሳያስበው።

«አቤት ወንድሜ» አለ ዘበኛው፣ በሩን እየከፈተ።

ሜዳው ላይ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ። ጎል ገባና ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ጮኹ። ያገቡትም የገባባቸውም ጥርሳቸው አንድ ነው። ደረሰ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን አደነቀ። ወዲያው ደግሞ ለእናቱ አዘነ።

ሱቅ ገብቶ ለስላሳ ጠየቀ። ባለሱቁ ጥርሱ የበለዘ ነው። አጠገቡ ሕፃን የታቀፈችውም ሴት እንደዚያው።

«እህቱ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ እንጂ!»

ደረሰ ጎንበስ ብሎ ሕፃኑን አየ። «ልጁ… ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል? አንበሳ ነው!»

ሕፃኑ ሳቀ። ጥርስ ገና አላበቀለም። «ጉዱ አልወጣም» አለ ደረሰ በልቡ፣ ከሱቁም በሩጫ ወጣ።

ወይዘሮ ተዋበችን ያገኛቸው ደጃፋቸው ካለው ቦኖ፣ አባቱ ያንቀሳቅሱት ከነበረው የውሃ ሞተር አጠገብ ነው። ጀሪካን እየሞሉ አህያቸው ላይ ይጭናሉ።

«ውይ፣ ልጄ!» ብለው ሳሙት። ካምፑ የገቡት ለአካለ መጠን ደርሰው ነው፤ ጥርሳቸው ነጭ ነው። ደረሰ ይህንንም አየ። ከእናት አይደለም ማለት ነው።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አባቴ ለእናንተ ምን ነበር?»

«ካሳሁን? ምን ያልሆነልን አለ! እሱ ባይኖር እዚህ ማን ልጅ ያሳድግ ነበር?»

ደረሰ የውሃው ገንዳ ጠርዝ ላይ ዘፍ አለ።

«ሠርጉ ቀርቷል፣ እማማ። ታቢታ እህቴ ናት።»

«ምን አልክ?»

«ጥርሴን ይዩት! የእሷን ያስታውሱ! ዘበኛው፣ ባለሱቁ፣ ሚስቱ፣ ኳስ ተጫዋቹ ሁሉ! ይኼ ጥርስ ያለው ሁሉ የአባቴ ልጅ ነው!»

ወይዘሮ ተዋበች ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እዚያው ቦኖ ሥር ተወልዳ ያደገችው አህያቸው ቀደመቻቸው። ውሃ ከምትጠጣበት ገንዳ ቀና አለች፤ የላይ ከንፈሯን ወደ ላይ ገለበጠችና ፊቱ ላይ ረዘም አድርጋ አናፋችበት።

ጥርሷ ከዳር እስከ ዳር የበለዘ ነበር።