ለእርቁ የተገዛ ቢላ

ጎረቤቴ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት አለው። ሚስቱ አስካለ፣ «ያን ሁሉ ዓሣ ብቻዬን እያጸዳሁ አልኖርም» ብላ እናቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ሆነን ስንለምናት፣ እሱም «ከእንግዲህ ድካሟን አቃልልላታለሁ» ብሎ በፊታችን ቃል ሲገባ፣ ቅዳሜ ልትመለስ ተስማማች።

ቅዳሜ ጠዋት የዓሣ ቢላ ሊገዛ ሲሄድ ተከተልኩት። ሱቁን ገለባበጠው። ስለቱን በጥፍሩ ሞከረ፣ ጫፉን ለመጥ አድርጎ አየ። አንዱን «ይከብዳል፣ ክንድ ያዝላል» ብሎ መለሰ፤ ሌላውን «እጀታው እርጥብ እጅ ላይ ያዳልጣል» አለ።

«አንድ ዓሣ ሳትነካ ከወዲሁ ክንድህ ዛለ?» አልኩት።

«ተወኝ እባክህ፣ የትዳር ጉዳይ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜው ሰው ሲለወጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በመጨረሻ ቀጭን፣ ቀላል፣ እንደ ቅጠል የምትተጣጠፍ ቢላ መረጠና በጌጥ ወረቀት አስጠቀለላት።

ከሰዓት በኋላ አስካለ መጣች። ሻንጣዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሰላም ስትለን፣ ወረቀቱን ራሱ ቀዶ ቢላዋን ዘረጋላት።

«በይ፣ እንደ ድሮው አትደክሚም። በዚች ሃምሳ ዓሣ ብታጸጂ ክንድሽ አይዝልም» አላት።

አስካለ እኛን ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አየችንና ሻንጣዋን አነሳች።