ቀይ ጽጌረዳ ያለበት በር

«ኧረ ተው! ኧረ በማርያም ተው! ምን አድርጌህ ነው?»

ሰውዬው አልሰማኝም። የድንኳን ብረት ጽጌረዳዬ ሥር ሰክቶ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ጓደኛው ደግሞ ሸራውን ሲጎትት ዳሊያዎቼን በጫማው ድጧቸዋል። ፀሐይ እንኳ በቅጡ አልወጣችም፤ በፒጃማዬ ሮጬ ወጣሁ።

ሰኔ ገብቶ በመጀመሪያው ዝናብ የፈኩ አበቦች ናቸው። ውሃ በጠፋ ሰሞን ከምጠጣው ቀንሼ ያጠጣኋቸው! መዶሻውን ልነጥቀው ስጠጋ አወቅሁት፤ የእድራችን አዲሱ ዕቃ ጠባቂ፣ ጂራታ ነው።

«ማንን ጠይቀህ ነው ግቢዬን የምታርሰው?»

«እማማ፣ እድሩ ነው የላከን» አለ፣ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያየ። «ሽማግሌዎቹ ቀድመው ነግረውዎታል ብለን ነው። አልመጡም እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ! በማለዳ ሽማግሌ ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። መጀመሪያ እነሱ መርዶውን ያረዳሉ፣ ድንኳን የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ሀብተሚካኤል! ልጄ! ትናንት ነው ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ የወጣው።

ደወልኩ። ስልኩን ሁለቴ ጣልኩት። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ከዚያ፣

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ በዚህ ማለዳ? አዋሽ አድሬ ተኝቼ እኮ ነው።»

«ተኛ! ተኛ የኔ ጌታ፣ ተኛልኝ!»

ዘጋሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወደ ጂራታ ዞርኩ። «አንተ ሟርተኛ! ልጄ ደህና ነው! በቁሙ ድንኳን ትተክልበታለህ? ንቀል! አሁኑኑ ንቀል!»

ጂራታና ጓደኛው ተያዩ። «ይቅርታ እማማ። ለሰፈሩ አዲስ ነኝ። ቀይ ጽጌረዳ በሩ ላይ የተሳበበት ቤት ነው ያሉኝ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጃቸው ቤይሩት የሞተችባቸው እናት ቤት።»

እኔ ቤይሩት ልጅ የለኝም።

በዚህ መንደር ቀይ ጽጌረዳ ያለበት በር የእኔ ብቻ ነበር፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ። ካቻምና ፊት ለፊቴ ላለችው ለፍቅርተማርያም አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰጠኋት። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያችንን በአንድ ፈረቃ የጨረስን ጓደኛሞች ነን። ጽጌረዳው በሯ ላይ ተስቦ ተስቦ ዘንድሮ ገና አበበ። ትናንት ጠርታኝ ፎቶ አነሳሁላት፤ ቤይሩት ያለችው ልጇ ሃሌሉያ ትየው ብላ በኢሞ ላከችላት።

ሃሌሉያ! እዚሁ ግቢዬ ውስጥ እየዳኸች ያደገችው! ወይኔ!

«አሰለፈች! ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው?»

ፍቅርተማርያም የግቢዬ በር ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከድንጋጤዋ የተነሳ ሁለት የማይገናኝ ጫማ ተጫምታ። ድንኳኑን አየች። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ማነው? ማነው? ንገሪኝ!»

ጂራታ አፉን ሊከፍት ሲል አፈጠጥኩበት። ይቺ ሴት ደም ግፊት አለባት። እንዲህ ቆማ፣ በሰው ግቢ፣ በድንገት የሚነገራት ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ ቤቷ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ይንገሯት።

«የአክስቴ ልጅ ነው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «አገር ቤት ያለው። አሁን ተደወለልኝ።»

ከዚያ ጮህኩ። ደረቴን እየደቃሁ ጮህኩ። የአክስቴ ልጅ ውሸት ነው፤ እንባው ግን የእውነት ነበር።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ትከለው!» አልኩት ጂራታን። ገባው መሰለኝ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ጎንበስ ብሎ መዶሻውን አነሳ። ብረቱ የጽጌረዳዬን ሥር ሰንጥቆ ወረደ። አልከለከልኩትም።

ፍቅርተማርያም አቅፋኝ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ» ትለኛለች ጀርባዬን እያሻሸች። «ሃሌሉያም ስትሰማ ትደውልልሻለች። ሥራ በዝቶባት ነው መሰል፣ የላክንላትን አበባ እንኳ ገና አላየችውም።»

ትከሻዋ ላይ አገጬን አሳርፌ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየሁ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የእኔን ድንኳን ሲያዩ ግራ ገብቷቸው ቆም አሉ፣ ተነጋገሩ፣ አለፉ። ማዶ ከቀዩ ጽጌረዳ ሥር ደረሱ። አንደኛው ኮፍያቸውን አውልቀው በሩን አንኳኩ።

እሷም ሰማችና ዞረች። «ውይ፣ ቤት ተሳስተው ነው» አለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ልትሄድ ስትል አጥብቄ ያዝኳት። እሷ ግን ከእቅፌ ውስጥ አንገቷን አስግጋ ተጣራች።

«ኧረ አባቶቼ፣ እዚህ ነው! ለቅሶው እዚህ ነው!»