ፎቶው ላይ የሌለው ስንጥቅ

ከቤታችን ሥር በሚያልፈው አሮጌ የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስሄድ፣ ከአናቴ በላይ የባለቤቴ የመኳንንት ሬዲዮ ተሰማኝ። ያን ያህል ኮንክሪት አልፎ መሰማት አልነበረበትም። የእጅ ባትሪዬን ወደ ላይ ሳበራ ጣራው ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ፤ ከውስጡ አፈር ይረግፋል።

አሥር ጊዜ ፎቶ አነሳሁት። በአሥሩም ላይ ጣራው ትናንት የተለሰነ ይመስላል።

ካሜራ ሁሉ የተበላሸውን ጠግኖ እንዲያነሳ ከታወጀ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የልጃችን የሶልያና የፊት ጥርስ ከወለቀ ወር አልፎታል፤ ፎቶዋ ላይ ግን ጥርሷ ሙሉ ነው። እኔም ይህን እያወቅኩ ቱቦ ለቱቦ እየዞርኩ ማንሳቴን አልተውኩም፤ ሱስ ነው።

ጭቃዬን እንኳ ሳልታጠብ ቤት ገባሁ።

«ልጅቷን ይዘን እንውጣ! ከቤታችን ሥር ያለው ቱቦ ተሰንጥቋል!»

«እስቲ ፎቶውን አሳዪኝ» አለ መኳንንት። አሳየሁት። «ምን ሆነሻል? አዲስ እኮ ነው የሚመስለው።»

«ፎቶውን ተወው! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ከቅርጫቱ አንድ ራስ ሽንኩርት አንስቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ሽንኩርቱ ማንም ሳይነካው ወደ ግድግዳው መንከባለል ጀመረ። የመኳንንት ፊት ተለዋወጠ። ሽንኩርቱን በእግሩ አስቁሞ ስልኩን አወጣና ወለሉን ፎቶ አነሳ። ፎቶውን ትክ ብሎ አየው።

«ይኸው፣ ለጥ ያለ ነው» አለኝ እፎይ ብሎ።

እግሩን ሲያነሳ ሽንኩርቱ መንከባለሉን ቀጠለ።