የተኛው ክንድ

"አንቺ ልጅ፣ አንቺ ዝም ስትዪ ቤቱም አብሮሽ ዝም ይላል..."

እናቴ ናት እንዲህ ያለችኝ። ትምህርቴን አቋርጬ ቤት የዋልኩ ሰሞን... ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ባለፈው ሳምንት ነው... ሐኪም ፊት ተቀምጬ።

ልጄን ይዤ ነው የሄድኩት። ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ "አለቃ" ይላታል፤ ቤቱን የምታዘው እሷ ስለሆነች።

ነገሩን ያዩት ልጄን የሚያውሉልኝ ሴትዮ ናቸው።

"የኔ ልጅ፣ ይቺን ልጅ ሐኪም አሳዪአት..."

"ምነው እትዬ?"

"ቀኝ እጇን አታነሳም። ባባብላትም እምቢ ነው። በግራዋ ትበላለች፣ ቀኟን ሆዷ ላይ ለጥፋ ትውላለች። ወድቃ ይሆን?"

ሌላ እናት ብትሆን ትደነግጥ ነበር። እኔ "እሺ" ብቻ አልኩ።

እንዲህ ከሆንኩ ቆይቻለሁ...

ላውንደሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ደረጃ ስወርድ አንሸራተተኝ። አንሶላው አልቆሸሸም... ቀኝ ክንዴ ግን ተሰበረ።

ጀሶ ታሰረልኝ። ጊዜው ደረሰ ተባለና ራጅ ተነሳሁ... "አልገጠመም።"

እንደገና ታሰረ። እንደገና ራጅ... "ገና ነው።"

"የአንቺ አጥንት አይቸኩልም" አለኝ የአጥንት ሐኪሙ።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ "እኛ ቤት የማትቸኩል አንቺ ብቻ መስለሽኝ ነበር" ብሎ ቀለደ። የሳቅኩ ለመምሰል ሞከርኩ።

መጀመሪያ ያመኝ ነበር። ኋላ ማመሙም ተወኝ... ክንዴን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሁሉን ነገር በወፍራም ጓንት የምነካው መሰለኝ። ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ በቃ።

ልጄ ግን "እቀፊኝ" እያለች ክንዴን ትጎትት ነበር።

አንድ ቀን "ክንዴ ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው እሺ?" አልኳት።

ከዚያ በኋላ አልጎተተችኝም። በአጠገቤ ስታልፍ በእግር ጣቷ መሄድ ጀመረች። አባቷ በር ገጭ ሲያደርግ "ሽሽሽ... የእማዬ ክንድ!" ብላ ትቆጣዋለች።

"እቀፊኝ" ማለትም ተወች። እሱን ልብ አላልኩም...

ከብዙ መመላለስ በኋላ ጀሶው ተፈታ። "ገጥሟል። አሁን ቢያምሽም አንቀሳቅሺው፤ አለዚያ ደርቆ ይቀራል" ተባልኩ።

ሞከርኩ። እስከ ትከሻዬ ጠዘጠዘኝ። ሻርፔን አንገቴ ላይ አስሬ ክንዴን መልሼ ከተትኩት። ነገ እሞክራለሁ አልኩ... በነጋውም ነገ አልኩ።

እንግዲህ እንደዚያ እንደታሰርኩ ነው ልጄን ይዤ ሐኪም ፊት የተቀመጥኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የልጄን ክንድ ነካካችው፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ልጄ አላለቀሰችም። ራጁም ንጹሕ ነው።

"ምንም የላትም" አለችኝ። "ጤነኛ ክንድ ነው።"

ክንዱ ግን ስትለቀው... ተመልሶ ሆዷ ላይ ልጥፍ።

ሐኪሟ ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከች።

"ስምሽ ማነው?"

"አለቃ።"

"አለቃ፣ ይሄ እጅሽ ለምን ሥራ አይሠራም?"

ልጄ ዙሪያዋን አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ተኝቷል..."

"መቼ ነው የሚነሳው?"

"የእማዬ ሲነሳ።"

ሐኪሟ ቀና ብላ እኔን አየች። ፊቴን አይደለም... ሻርፑን።

"የአንቺ ጀሶ መቼ ተፈታ?"

"ቆየ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ ታየችኝ...

ሻርፑን በጥርሴና በግራ እጄ ፈታሁት። ክንዴን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ጠዘጠዘኝ... ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ክንዴ ጆሮዬ ጋ ደርሶ አላልፍ አለ።

"ነቃ?" አለች ልጄ።

"እያዛጋ ነው።"

የራሷን ክንድ አየችው። ከሆዷ አላቀቀችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋች...

"የኔም እያዛጋ ነው።"

እኔ የተማርኩት ይሄን ነው... መታመም ነውር የለውም። ቀስ ብሎ መዳንም ነውር የለውም። ግን ከዳንን በኋላም ታስረን ከተቀመጥን፣ ከሥር ሆና የምታየን ትንሽ ልጅ አብራን ትታሰራለች።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ... ልጃችሁ ሳታስተምሩት ከእናንተ ምን ወሰደ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

ሻርፑን ዛሬ አጠብኩት። የልብስ ማስጫው ገመድ ለክንዴ ከፍ አለበት፤ በግራዬ ልሰቅለው ስል "በሱ አይደለም!" አለችኝ አለቃ።

ሄዳ በርጩማ እየጎተተች መጣች... በሁለት እጇ።

ወጣሁበትና በቀኜ አሰጣሁት።