ከዓምሃ ሱቅ ፊት ያለው ጣሪያ

ሶላሩ የተተከለው ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ነው። ቀጨኔ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ የእነ ናዝሬት ቤት ጣሪያ ከላይኛው መንገድ ጋር እኩል ነው። በታች በር ለሚገባ ሰው ጣሪያው አይታይም። በላይ የሚያልፍ ሰው ግን እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል።

ከጣሪያው ፊት ለፊት የጋሽ ዓምሃ ሱቅ አለ። ዓምሃ ጄኔሬተር ይጠግናል፣ ያከራያል። ድሮ መብራት ሲጠፋ የጳውሎስ ካፌዎች የሚደውሉት ለእሱ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ካፌ ሶላር ሰቀለ። ቀጥሎ ፋርማሲው፣ ቀጥሎ ፀጉር ቤቱ። አሁን የዓምሃ ጄኔሬተሮች በሩ ላይ ተደርድረው አቧራ ጠጥተዋል።

የናዝሬት አባት ወልዱ የሳንባ በሽተኛ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማሽን እንዲተነፍስ ታዘዘለት። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም፤ መብራት ደግሞ በየሳምንቱ ይጠፋል። ዓመት ሙሉ በጠፋ ቁጥር ማሽኑን ያሠራው የዓምሃ ጄኔሬተር ነበር። ሶላሩ በተተከለ ማግስት ናዝሬት ጄኔሬተሩን መለሰችለት።

«በቃ አያስፈልጋችሁም?» አላት።

«አያስፈልገንም ጋሽ ዓምሃ። ፀሐይ ነዳጅ አትጠይቅም።»

ዓምሃ ሳቀ። «እኔንም አትጠይቅም» አለ።

ናዝሬት ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው። ጎህ ሲቀድ ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ቀን ወልዱን የምትጠብቀው እናቷ ሙሉ ናት። እሑድ ብቻ ተራው የናዝሬት ነው፤ ሙሉ ከቅዳሴ ወደ ማኅበር ሄዳ እዚያው ትውላለች።

ሙሉ ለዕቃ የምትሳሳ ሴት ናት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉ የሚነሣለት ለዜና ነው፤ ዜናው ሲያልቅ መልሳ ታለብሰዋለች። ሪሞቱ ከላስቲኩ ወጥቶ አያውቅም።

«ይቺ ሴት አንድ ቀን እኔንም ዳንቴል ታለብሰኛለች» አለ ወልዱ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ እየወሰደ።

«አንተማ አርጅተሃል። ዳንቴሌን አላባክንም» አለችው ሙሉ፣ ከምትሰፋው ጨርቅ ቀና ሳትል። የድሮውን መጋረጃ ደርባ አንድ ሰፊ ነገር እየሰፋች ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሶላሩ ባትሪ ነገር አላምር አለ። ሲሞላ አራት አረንጓዴ መብራት ማሳየት አለበት። ናዝሬት ከሥራ ስትመለስ አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ታገኛለች። አራት የሚሆነው እሑድ ብቻ ነው።

እሑድ ዓምሃ ሱቁን አይከፍትም።

ናዝሬት ሶላሩን የተከለውን ያሕያን ጠራችው። እሑድ ከሰዓት መጥቶ ከላይኛው መንገድ ወደ ጣሪያው ተሻገረ።

«ምንም አልሆነም» አለ። መስታወቱን በጣቱ ነካና ጣቱን አየው። «የሚገርመው፣ አቧራ እንኳ የለውም። የሌላው ሰው በሳምንቱ አፈር ይመስላል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ሰው ይነካካዋል።» ዞሮ የተዘጋውን የዓምሃን ሱቅ አየ።

ሙሉ ከማኅበር ስትመለስ ናዝሬት ጠየቀቻት።

«ዓምሃ? አዎ፣ እጁ አያርፍም» አለች ሙሉ። «ሁለት ሦስት ጊዜ እጁን ሶላሩ ላይ አግኝቼዋለሁ። ተው ብለው ጭራሽ እኔን ያስተምረኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጎረቤት ነው ብዬ።»

ሰኞ ጠዋት ናዝሬት በታች በር ሳይሆን በላይኛው መንገድ ወጣች። ዓምሃ ሱቁን እየከፈተ ነበር። እሷ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን መንገደኛ ሁሉ ሰማት።

«አባቴ በዚህ ነው የሚተነፍሰው። ጄኔሬተርህን ስለመለስን ልትገድለው ነው?»

ዓምሃ የአባቷ እኩያ ነው። አንተ ብላው አታውቅም።

«ልጄ፣ እናትሽን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ። የነገረችኝ እሷ ናት። ሁለተኛ እዚህ ጣሪያ ላይ ባይህ ፖሊስ ነው የምጠራው።»

ዓምሃ የቆሙትን ሰዎች አየ።

«እንግዲያው እጄን አነሣሁ» አለ።

ማክሰኞ ጄኔሬተሮቹን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሸጎሌ እህቱ ግቢ ወሰዳቸው። ሱቁን ቆልፎ ሄደ።

ረቡዕ ንጋት ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪው አንድ ያሳያል። ናዝሬት ደጅ ወጥታ ሰማዩን አየች። ደመና የሚባል የለም።

«ዛሬ ይሞላል አባዬ» አለችው። «ከእንግዲህ የሚነካው የለም።»

ወልዱ በጭንቅላቱ እሺ አላት።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ስልኳ ጮኸ። ማሽኑ ቆሟል። ሙሉ ጄኔሬተር ፍለጋ ወደ ላይኛው መንገድ ሮጣ የዓምሃ በር ላይ ቁልፍ ነበር ያገኘችው። ጎረቤቶች ወልዱን በብርድ ልብስ ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ጳውሎስ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ዓምሃ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠው ሰው አልነበረም። ጥቂት ቆመና ሄደ። የሶላሩን ሽቦ በጥሶ ነው ሱቁን የዘጋው፣ ይባል ነበር። ናዝሬትም እንደዚያ ነው ያመነችው።

ሠልስት ወጣ፤ ድንኳኑ ፈረሰ። ሰኞ ጠዋት ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ናዝሬት ሥራ አልገባችም። የኦክስጅን ማሽኑን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ባትሪው ላይ አረፈ። አራቱም መብራት በርተዋል። ሽቦ የቀጠለ ሰው የለም።

ሙሉ ከአልጋው ሥር የታጠፈ መጋረጃ አውጥታ፣ በክንዷ ይዛ ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነሽ እማዬ?»

«ሶላሩን ላለብሰው ነዋ» አለች ሙሉ፤ «ረቡዕ ማታ ከገለጥኩት ወዲህ ሐዘኑ አስረስቶኝ ስንት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲበላው ከረመ። ማታ መብራት ስንፈልግ እገልጠዋለሁ።»